ኦክስጅን ሲሳሳ የሚፈካ ሽፋን

ፍም አየር ሲያገኝ ይፈካል፣ አየር ሲያጣ ይደበዝዛል፤ ኦክስጅንን በብርሃን ለመለካት የሚሠሩት ስስ ሽፋኖች ግን ጠባያቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሽፋኑ ከሰው ፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ወይም የሲሊኮን ንጣፍ ሲሆን፣ በውስጡ የሩቴኒየም ወይም የፕላቲነም አቶም ያለበት ቀለም ተዋሕዶ ይገኛል፤ ቀለሙም ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ለሚሊዮንኛ ሰከንዶች ይዞ ቆይቶ በቀይ ወይም በብርቱካናማ ብርሃን መልክ ይለቀዋል። በዚህ መካከል የኦክስጅን ሞለኪውል ከተጋጨው ጉልበቱን ስለሚቀማው ፍካቱ ይዳፈናል፤ ኦክስጅኑ ሲርቅ ግን ይመለሳል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሃንስ ካውትስኪ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሲሊካ ጄል ላይ በተለጠፉ ቀለሞች አሳይቷል።

የሽፋኑ ሥራ አስቸጋሪነት ያለው በሚዛኑ ላይ ነው። ንጣፉ ጋዝ በቀላሉ የሚያሳልፍ ከሆነ መለኪያው ፈጥኖ ምላሽ ይሰጣል፣ ነገር ግን ለመዳፈን እጅግ ቅርብ ይሆናል፤ ጋዝ የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ኦክስጅኑ ቀለሙ ዘንድ አይደርስም። ቀለሙ ብርሃን በበዛበት ቁጥር እየነጣ ስለሚሄድም፣ ብዙ መሣሪያዎች የፍካቱን ድምቀት ሳይሆን ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ፍካቱ የሚቆይበትን ጊዜ ይለካሉ፤ ይህ ጊዜ በቀለሙ ብዛት ላይ እምብዛም አይመሠረትምና።

ሽፋኑ የሚመልሰው የኦክስጅንን የመቶኛ ድርሻ ሳይሆን ከፊል ግፊቱን፣ ማለትም ከአየሩ ጠቅላላ ግፊት ውስጥ የኦክስጅን ብቻ የሆነውን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የእንጦጦ ከፍታ ላይ የኦክስጅን ድርሻ እንደ ቆላው ሁሉ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በእንጦጦና በየካ ዳገቶች የሚሮጡ አትሌቶች የሚለማመዱት በዚሁ የሳሳ ኦክስጅን ውስጥ ሲሆን፣ ያው ሽፋን በዚያ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ደምቆ ይፈካል።

የከፍታው ልዩነት ከእንጦጦ ተነሥቶ በአዲስ አበባ መካከል ወደሚወርደው የቀበና ወንዝ ሲመጣ ይበልጥ ይታያል። ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሟሟውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱት፣ መጠኑ የብክለት ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ይሁን እንጂ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በባሕር ወለል በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ3,000 ሜትር ግን ከ6 ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ መሣሪያው ከፍታውን ታሳቢ አድርጎ ካልተስተካከለና ንባቡ በቆላ ልክ ከተመዘነ፣ ንጹሑ የተራራ ምንጭ እንደ ተበከለ ይቆጠራል።