የነጭ ሣር አዕዋፍና የአንድ ክንፍ ነገር

የጋሞ ምድር ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ተነሥቶ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር እስከሚያልፈው እስከ ጉጌ ተራራ ድረስ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ አገር ነው። አየሩ፣ ዕፅዋቱና የሰው አኗኗር እንደ ከፍታው ይለያያሉ፤ አዕዋፉም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የአካባቢውን አዕዋፍ ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የምድሩን አቀማመጥ መመልከት ይገባዋል።

በሐይቆቹ ዳር ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማል። ዓሣ በሚጸዳበት ስፍራ ደግሞ ሕዝቡ አባ ኮዳ የሚለው ራሰ በራ ታላቅ ወፍ ቆሞ ትራፊውን ይጠብቃል። ከገደሉ ሥር፣ የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች የሚፈልቁበት ደን አለ፤ የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃም የሚቀዳው ከዚሁ ነው። በደኑ ውስጥ በምንቃሩ ላይ እንደ ቀንድ ያለ ጉብታ የተሸከመ ፍሬ በል ወፍ ይኖራል። ይህ ወፍ የሾላውን ፍሬ ውጦ ዘሩን በሌላ ስፍራ ስለሚጥል፣ ደኑን ከሚተክሉት አንዱ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። በደጋው፣ በዶርዜና በጨንቻ በኩል፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ በእንሰቱና በቀርከሃው መካከል ይታያል። በጋሞ ደጋ፣ በባህል ሕግ ዛፍ እንዳይቈረጥባቸው የተከለከሉት ቅዱሳን ዱሮችም ብዙ የዱር አዕዋፍን አስጠልለዋል።

ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከእርሱ በስተ ምሥራቅ የነጭ ሣር ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ተጽፈዋል። በ1990 ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በዚህ ፓርክ ከ300 የሚበልጡ የአዕዋፍ ዝርያዎችን መዘገቡ። በሜዳው መንገድ ላይ መኪና የገደለውን የአንድ ወፍ በድን አግኝተው፣ አካሉ ስለ ተበላሸ ክንፉን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

ክንፉ ሌሊት በራሪ ነፍሳትን እያደኑ ከሚኖሩ አዕዋፍ ወገን የሆነ ወፍ ነው። በአማርኛ «የሌሊት ወፍ» የሚባለው ጡት አጥቢ እንስሳ ስለ ሆነ፣ እነዚህን በዚያ ስም መጥራት አይገባም፤ ሌሊት አዳኝ ማለት ይሻላል። ቀን ቀን በመሬት ላይ ይተኛሉ፤ ላባቸው የደረቀ ቅጠል ስለሚመስል ሰው አጠገባቸው ደርሶ እንኳ አያያቸውም። ጎጆ አይሠሩም፤ እንቁላላቸውን በባዶ መሬት ላይ ይጥላሉ። ሌሊትም በመንገድ ላይ ስለሚያርፉ ብዙዎቹን መኪና ይገድላቸዋል።

የክንፉ ትልቅነትና በላዩ ያለው ነጣ ያለ ምልክት ቦታ ከሚታወቁት ዝርያዎች ሁሉ ተለይቶ ስለ ተገኘ፣ ሳፎርድ፣ አሽና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1995 አይቢስ በተባለው መጽሔት አዲስ ዝርያ ነው ብለው ጻፉ። ስሙንም ካፕሪሙልጉስ ሶላላ አሉት። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ፍየል አላቢ» ማለት ሲሆን፣ የጥንት አውሮፓውያን ይህ ወፍ ሌሊት ፍየል ያልባል ብለው ያምኑ ከነበረው ተረት የመጣ ነው። ሁለተኛው «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ክንፉም በእንግሊዝ አገር፣ በትሪንግ ሙዚየም ተቀምጧል።

በ2009 አራት ወፍ ተመልካቾች ሌሊት በመብራት ሲፈልጉ ይህንኑ የሚመስል ወፍ በሜዳው አየን አሉ፤ ነገር ግን ወፉ አልተያዘም። በሌላ በኩል ክንፉ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ ወፍ ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ ቀርቧል። አንድ ክንፍ ብዙ ነገር ያስረዳል፤ የወፉን ድምፅ፣ የሚጥልበትን ወራት፣ ብዛቱንና መኖሪያውን ግን አያስረዳም።

እነዚህን ለማወቅ ሜዳውን ሌሊትና ቀን የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉጂዎች ከብታቸውን በዚያ ያሰማራሉ፤ ኮሬዎች በአጠገቡ ያርሳሉ፤ ጋሞዎችና ዘይሴዎችም የሐይቆቹ ጎረቤቶች ናቸው። የፓርኩ ታሪክ ግን በእነዚህ ሰዎችና በጥበቃው መካከል ክርክር የሞላበት ነው። በ2004 ነዋሪዎችን ከፓርኩ የማስወጣት ሥራ ተካሂዶ ነበር፤ አስተዳደሩን የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅትም በ2008 ለቆ ወጣ። ከሜዳው በግድ የተነሣ ሰው ስለ ሜዳው የሚያውቀውን ለአስነሺው በፈቃዱ አይነግርም። ሣሩ ከመጠን በላይ ቢጋጥ ወይም በቊጥቋጦ ቢዋጥ ደግሞ፣ ወፉ አዲስ ዝርያ ይሁን ድቅል፣ ከሚመረመርበት ስፍራ ጋራ ይጠፋል።

ስለዚህ የዚህ ወፍ ነገር የአዕዋፍ ሊቃውንት ብቻ ሥራ አይደለም። በጋሞኛ፣ በዘይስኛ፣ በኮሬኛና በጉጂ አፍ ለሌሊት አዳኞች የተሰጡትን ስሞች መሰብሰብ፣ በየስሙ ሥር የተቀመጠውን የድምፅና የጠባይ ዕውቀት መመዝገብ፣ የባህል ጥናት ድርሻ ነው። ክንፉ በሙዚየም ተጠብቋል፤ ቀሪው የወፉ ታሪክ ግን የሚገኘው ካለ፣ በሣሩና ሣሩን በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ነው።