የፈጣን ሌንስ ዋጋና የተረሳው የታክስ መሠረት

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምሬት ከሚሰማባቸው የሥራ ዕቃዎች አንዱ፣ የስፖርትና የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች «ሰቨንቲ ቱ ሃንድረድ» የሚሉት ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ዙም ሌንስ ነው። ሌንሱ «ፈጣን» የሚባለው የብርሃን መግቢያው ሰፊ ሆኖ የካሜራው መዝጊያ በጣም አጭር በሆነ ቅጽበት ተከፍቶ እንዲዘጋ ስለሚያስችል ነው። የመግቢያው ስፋት የሚገለጸው የትኩረት ርዝመቱ ለመግቢያው ዲያሜትር ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር በመሆኑ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መግቢያው ይሰፋል፤ በ200 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 2.8 የሚሰጥ ሌንስ 71 ሚሊሜትር ያህል መግቢያ ሲያስፈልገው ለኤፍ 4 ግን 50 ሚሊሜትር ይበቃል፤ በዚህም የመጀመሪያው የሚያስገባው ብርሃን የሁለተኛውን እጥፍ ይሆናል። ይህ እጥፍ ብርሃን ርካሽ አይደለም፤ የካነን አርኤፍ ባለ ኤፍ 2.8 ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 2,699 ዶላር፣ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ባለ ኤፍ 4 ደግሞ 1,599 ዶላር ነበር።

ብዙዎች የዋጋውን ንረት የሚያስረዱት ብር በወቅቱ ለአንድ ዶላር ከ57 ወደ 120 አካባቢ በመውረዱ ነው፤ ይህ ማብራሪያ ግን ከተመን ለውጡም በፊት በባንክ ተመን የተገዛ ዶላር ለሌንስ አስመጪ እምብዛም ይደርሰው እንዳልነበረ ይዘነጋል። አስመጪው ዶላሩን የሚያገኘው በትይዩ ገበያ፣ ለምሳሌ በ115 ብር ከነበረ፣ ዶላሩ የተወደደበት በ5 ብር ብቻ ነው። በእርግጥ የተለወጠው ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላበት መሠረት ነው፤ ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚመነዝረው በሕጋዊው ተመን በመሆኑ፣ ያ ተመን እጥፍ ሲሆን መቶኛው ሳይነካ የታክሱ መጠን እጥፍ ሆኗል።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። የሌንሱ ዋጋ 2,700 ዶላር፣ የቀረጥና የታክሱ ድምር ደግሞ 40 በመቶ ነው ቢባል፣ ቀድሞ ለዶላሩ 310,500 ብር፣ በ57 ብር ተሰልቶ ለሚከፈለው ታክስ 61,560 ብር፣ በጠቅላላው 372,060 ብር ይወጣ ነበር። ከለውጡ በኋላ በ120 ብር ሲሰላ ለዶላሩ 324,000፣ ለታክሱ 129,600፣ በጠቅላላው 453,600 ብር ይሆናል። ከተጨመረው 81,540 ብር ውስጥ ከዶላሩ መወደድ የመጣው 13,500 ብር ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው 68,040 ብር የታክስ ጭማሪ ነው።

ባለሥልጣናት በወቅቱ አብዛኛው ሸቀጥ ቀድሞም በትይዩ ገበያው ተመን ይሸጥ ስለነበር የተመን ለውጡ በዋጋ ላይ የሚያሳድረው ጫና ውስን ነው ሲሉ ያቀረቡት ክርክር ስለ ዶላሩ እውነት ነው፤ ስለ ታክሱ ግን ዝም ይላል። ወርኃዊው የዋጋ ግሽበት አኃዝም ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ የሚለካው ቤተሰብ የሚሸምተውን እንጂ ባለሙያ የሚሠራበትን መሣሪያ አይደለምና፣ የአኃዙ መውረድ ለፎቶግራፍ አንሺው ማስረጃ ሊሆነው አይችልም።

በዚሁ ስሌት በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የ1,100 ዶላር ልዩነት ከ151,580 ብር ወደ 184,800 ብር ሰፍቷል፤ ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ያ ገንዘብ የትኛውን ሥዕል እንደሚያተርፍለት ነው። በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ አትሌት መዝጊያው ለሰከንድ 1/500ኛ ሲከፈት 12 ሚሊሜትር፣ ለ1/1000ኛ ሲከፈት ደግሞ 6 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ ወደ ፊት የሚወረወረው እግሩ ከአካሉ ስለሚፈጥን ምስሉ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ጫማው ላይ ነው። በኅዳር ጠዋት ፀሐይ በታላቁ ሩጫ ላይ ባለ ኤፍ 4 ሌንስ ይህን ፍጥነት ሳይቸገር ይሰጣል። በመብራት በሚደረግ የእግር ኳስ ግጥሚያ ወይም በአዳራሽ ውስጥ ግን ያው ሌንስ ወይ መዝጊያውን ያዘገያል፣ ወይ የካሜራውን የብርሃን ትብነት፣ ማለትም አይኤስኦውን፣ ከ6,400 ወደ 12,800 ያስወጣና ምስሉን ያሻክረዋል። የምሽት ሥራው ጥቂት ለሆነ ሰው ባለ ኤፍ 4ን ገዝቶ ፈጣኑን በየሥራው መከራየት ያዋጣል፤ የቀን ኪራዩ 3,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ ከ61 ቀን በላይ ያከራያል። የክብደቱም ነገር አለ፤ 1,070 ግራም ከ695 ግራም ጋር ሲነጻጸር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ትከሻ ላይ ይታወቃል።

ያገለገለ ሌንስ የሚፈልግም ከዚሁ ስሌት አያመልጥም። ከ2016 ዓ.ም. በፊት ቀረጡ የተከፈለበት ሌንስ ዛሬ የሚሸጠው ከአዲሱ ዋጋ አንጻር በመሆኑ፣ ባለንብረቱ ያልከፈለውን የታክስ ጭማሪ ከገዢው ይሰበስባል። ገዢው ለመደራደር ጠንካራ መነሻ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከመደራደሩ በፊት ግን መግቢያውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ከኋላ በኩል የእጅ ባትሪ ቢያበራ፣ በብርጭቆዎቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለ በግልጽ ይታየዋል።