መኪናው ባለቤቱን እንዴት ያውቃል?

ባለፈው ሐምሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ እንደ ልማዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የአጎቴን ሚስት ምጥ ያዛት። ግቢ ውስጥ መኪና ቆሟል፤ ነዳጁም ሙሉ ነው። አጎቴ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የበሩን እጀታ ቢስበው አልከፈት አለ። ቁልፉን አውጥቶ ደጋግሞ ተጫነው፤ መኪናው ዝም። ቁልፍ የምለው ጥርስ ያለውን ብረት አይደለም፤ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ ጥቁር ፕላስቲክ ናት። «በቃ ተበላሸ!» ብሎ በዝናብ ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ። ፈጣሪ ይመስገን ባጃጅ ተገኘና በሰላም ተገላገለች።

ጠዋት መካኒክ መጣ። ከፕላስቲኳ ጎን ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ አደረገና ከውስጧ የብረት ቁልፍ መዝዞ አወጣ። በሩን ከፈተ፤ ፕላስቲኳን ከማስነሻው በተን ጋር አስጠግቶ ሞተሩን አስነሳው። መኪናው ምንም አልሆነም፤ ያለቀው የቁልፉ ባትሪ ነው። አጎቴ 2 ዓመት ሙሉ በኪሱ ይዞት ሲዞር የነበረውን ነገር አያውቀውም ነበር ማለት ነው።

እኔም የዚያን ቀን ያፈርኩት ከእሱ ብሷል፤ ኤሌክትሮኒክስ የምማረው እኔ ነኛ! ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ስማርት ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅምና እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ለማካፈል እሞክራለሁ። ጉዳዩ የሀብታም ወግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የሚከፈቱት በዚህ ዓይነት ቁልፍ፣ በካርድ ወይም በሞባይል ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ ሁላችንንም ይመለከተናል።

ከጥርስ ወደ ምስጢር

የድሮው የመኪና ቁልፍ ነገሩ ቀላል ነው። ጥርሱ ከተጋጠመ ይከፍታል። ታዲያ ጥርሱን አስመስሎ የቀረጸ ሁሉ መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ በሩን ከሩቅ የሚከፍተው ሪሞት መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ ላይ የወጣው ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ኢሞቢላይዘር ተከተለ። ይህ በቁልፉ ራስ ውስጥ የምትቀመጥ፣ የራሷ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ ነች። ቁልፉ ሲገባ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ በመግነጢሳዊ መስክ ኃይል ይሰጣትና ኮዷን ትናገራለች። ኮዱ ካልተስማማ ሞተሩ አይነሳም። በአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆኗል። «ቁልፍ አስቀረጽኩ፤ በሩን ይከፍታል፣ መኪናውን ግን አያስነሳም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስማርት ቁልፍ የሪሞትና የኢሞቢላይዘር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ምንም ሳይጫን መኪናውና ቁልፉ ራሳቸው ይነጋገራሉ። ንግግሩም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ እጀታውን ስንነካ መኪናው በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ «ማን አለ?» ብሎ ይጣራል። መግነጢሳዊ መስክ ርቀት ሲጨምር ቶሎ ስለሚዳከም ይህ ጥሪ ከ1 ወይም ከ1.5 ሜትር ብዙም አያልፍም። ቁልፉ ይህን ሲሰማ ከእንቅልፉ ይነቃል። ቀጥሎ መኪናው በዘፈቀደ የመረጠውን አንድ ቁጥር ይልክለታል። ቁልፉ ይህን ቁጥር በውስጡ ካለው ምስጢራዊ ቁጥር ጋር ያሰላና መልሱን በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ ይመልሳል። መኪናውም ያንኑ ስሌት ለራሱ ሠርቶ ያነጻጽራል። ከተስማማ በሩ ይከፈታል። ከገባን በኋላ የውስጥ አንቴናዎች ቁልፉ እውነትም መኪናው ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ ፍሬን ረግጦ በተኑን መጫን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በዓይን ጥቅሻ ነው።

የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በዋሸራም ሆነ በዲማ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርበው ተቀባይነት የለውም። ስልቱ ያው ነው፤ ቅኔው ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። የቁልፉም ምስጢር አንድ ነው፤ መልሱ ግን በየጊዜው አዲስ ነው። ትናንት የተሰጠውን መልስ ቀድቶ የያዘ ሌባ ዛሬ ቢያሰማው አይሠራለትም፤ ጥያቄው ተቀይሯላ!

በዕለት ኑሮ ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ እጃችን ነፃ ይሆናል። ከገበያ በአንድ እጅ ዶሮ በሌላው ዘንቢል ይዞ የመጣ፣ ወይም ክረምት ላይ ጃንጥላ ይዞ ልጅ ያዘለ ሰው ኪስ መፈተሽ አይጠበቅበትም። ሁለተኛ፣ ቁልፍ ውስጥ ረስቶ በር መዝጋት ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ መኪኖች ቁልፉ ውስጥ መቅረቱን ሲያውቁ ይጮሃሉ ወይም አልቆለፍም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ሽቦ አገናኝቶ መኪና የማስነሳት የድሮ የሌባ ጥበብ አይሠራም። አራተኛ፣ በጨለማ ቀዳዳ ፍለጋ በሩን መቧጨር ቀርቷል።

ባትሪው ሲያልቅስ?

አብዛኞቹ ቁልፎች የሚጠቀሙት ሲአር 2032 የሚባለውን 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ የኮምፒውተር ማዘርቦርዶች ላይ ያለችው ባትሪም ይህችው ስለሆነች ኮምፒውተር ጥገና ቤት ትገኛለች። ሆኖም ሌላ መጠን የሚጠቀም ቁልፍም ስላለ አሮጌውን አውጥቶ ማየት ነው። ያረጀ ባትሪ በብርድ ይበልጥ ይደክማል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ባለች ከተማችን እምቢታው ንጋት ላይ ቢብስ አይገርምም። አስቀድሞ ምልክት አለው፦ ቁልፉ በጣም ካልቀረበ አይሰማም፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል።

ጨርሶ ካለቀ መካኒኩ ያደረገውን ማድረግ ነው። የተደበቀውን ብረት መዝዞ በሩን መክፈት፤ የበሩ ቀዳዳ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነበት መኪናም አለ። ከዚያ ቁልፉን ማስነሻው በተን ላይ ማስጠጋት። ያን ጊዜ ቺፑ ልክ እንደ ኢሞቢላይዘሩ ኃይሉን ከመኪናው ያገኛል። በአንዳንዱ መኪና ማስጠጊያው ሌላ ቦታ ስለሆነ መመሪያውን ቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። አደራ የምለው ግን የወጣውን ባትሪ ሕፃናት እንዳያገኙት ነው። የተዋጠ ክብ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ለሞትም ያደርሳል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሁለተኛውን ቁልፍ ይጠይቅ። አንድ ቁልፍ እያለ ሌላ ማስመዝገብ፣ ሁሉም ከጠፋ በኋላ ከመጀመር ይቀላል። ምትክ ሲገዛም የሞገዱን ቁጥር ያመሳክር፤ የ315ቱ ቁልፍ 433 ለሚሰማ መኪና አይሆንም።

ሌባውስ ዝም ይላል?

አይልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዙሪኩ ኢቴሃ ተመራማሪዎች የ8 ፋብሪካዎችን 10 የመኪና ዓይነቶች ፈትነው ሁሉንም መክፈትና ማስነሳት ችለዋል። ምስጢሩን አልፈቱትም። አንድ መሣሪያ ከመኪናው አጠገብ፣ ሌላ ደግሞ ከቁልፉ አጠገብ አድርገው የሁለቱን ንግግር አቀባበሉት። መኪናው ቁልፉ ቅርብ ነው ብሎ ተታለለ። ቅርበትን የሚገምተው ድምፁን በመስማቱ እንጂ ርቀቱን ለክቶ አልነበረምና። ለዚህ መፍትሔ ሆነው የመጡት አዳዲስ ቁልፎች ሞገዱ የሚወስድበትን ጊዜ ይለካሉ፤ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የተቀባበለ መልስ መዘግየቱ ያሳብቅበታል። አሮጌው ቁልፍ ያለው ሰው ግን ማታ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ቢያስቀምጠው ይረዳዋል። መሥራቱን ለማረጋገጥ ቆርቆሮውን ይዞ መኪናው አጠገብ ቆሞ መሞከር ነው።

እንግዲህ የርዕሱ ጥያቄ መልስ፣ መኪናው ባለቤቱን አያውቅም የሚል ነው። የሚያውቀው ቁልፉን ብቻ ነው። ቁልፉን ማወቅ ደግሞ የባለቤቱ ፈንታ ነው። አሁን አጎቴ ቤት መለዋወጫ ባትሪ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ብረቷን መዝዞ ማውጣትም ከአራስ እናቷ ጀምሮ ሁሉም ለምዶታል። እናንተም ማታ ቤት ስትገቡ የቤተሰባችሁን ቁልፍ እስኪ ገልብጣችሁ እዩት።