የማይነካውን መለካት

ቴርሞሜትር 10 ሚሊዮን ዲግሪ የጋለ ፕላዝማ ውስጥ አይገባም። ታዲያ በምን ይለካል? ጉና ላይ ጭስ የሞላው ቤት ውስጥ በስንጥቅ የገባ የፀሐይ ጨረር መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጭሱ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ፕላዝማ ውስጥ የሌዘሩን ብርሃን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። እነሱ በፈጠኑ ቁጥር የተበተነው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ስርጭት ይሰፋል፤ ስፋቱ ሙቀታቸውን፣ ድምቀቱ ብዛታቸውን ይነግረናል።

ሶቪየቶች ፕላዝማን በማግኔት በሚይዘው ቲ-3 ቶካማካቸው ከፍተኛ ሙቀት አገኘን ሲሉ ምዕራባውያን ተጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዙ ካልሃም ቤተ ሙከራ ሰዎች ሌዘራቸውን ጭነው ሞስኮ ድረስ ሄደው ለኩ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ብልጭታ ግን የሚያሳየው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ፕላዝማው ደግሞ በሴኮንድ ሺኛ ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜም ቢሆን በሴኮንድ 20 ሺህ ጊዜ ያህል የሚተኮሱ ሌዘሮች ተሠርተዋል፤ ለውጡ እንደ ፊልም ይታያል።