ሳይናገሩ የማይጫወቱት ጨዋታ

ዳማንም ቼስንም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ጀምሮ መጨረስ ይቻላል። ጠጠሩ በሙሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይታያል፤ የሚጠያየቁት ነገር የለም። የተማሪዎቹን አፍ መፍታት የሚፈልግ የቋንቋ መምህር ጨዋታ ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው፦ አንዱ የሚያውቀው ከሌላው ተደብቋል?

«ጌስ ሁ» የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ የቆመው በዚህ ድብቅነት ላይ ነው። የፈጠሩት ኦራና ቴዎ ኮስተር የተባሉ እስራኤላውያን ባልና ሚስት ናቸው። ሚልተን ብራድሊ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ አቀረበው። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በየሰሌዳቸው ላይ ተመሳሳይ 24 ፊቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ካርድ አንስተው ይደብቃሉ። የተደበቀው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በጥያቄ ብቻ ሲሆን መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ጠያቂው ከመልሱ ጋር የማይሄዱትን ፊቶች አንድ በአንድ ያስተኛል።

አማርኛን በውጭ አገር የሚማር ልጅ እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አለበት። «ወንድ ነው?» ብሎ አዎንታ ካገኘ በኋላ «ጢም አለው?»፣ «መነጽር አድርጓል?» ይላል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ግሱን ሁሉ ይቀይራል። ያንኑ የጥያቄ ዓይነት ደጋግሞ ይናገራል፤ ግን አይሰለቸውም፤ በየጥያቄው አዲስ ነገር ያውቃላና።

በቀድሞው እትም ከ24ቱ ፊቶች ሴቶቹ 5 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ሴት ናት?» ብሎ የጠየቀ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ 19 ፊት ይቀረዋል። ብልሁ «ባርኔጣ ወይም መነጽር አድርጓል?» ብሎ ሁለት ምልክት ሲያጣምር ግን ፊቶቹ ወደ እኩሌታ ይጠጋሉ። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ያመጣው የማሸነፍ ፍላጎት ነው፤ ጨዋታውን ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት መልመጃዎች የሚያስመርጠውም ይኸው ነው።

ተማሪዎች ግን ማሳጠር ይወዳሉ። «መነጽር?» ብለው ያልፋሉ፣ ወይም ወደ አፍ መፍቻቸው ይሸሻሉ። ሙሉ ጥያቄ ካልሆነ መልስ አይሰጥም የሚል ደንብ ይህን ይገታል።

ጨዋታውን ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት በካርቶን ሊሠራው ይችላል። ፊቶቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሏቸው፤ ሴቶቹንም ግማሽ ያድርጓቸው። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል በቡድን ተከፍለው በየተራ አንድ ተወካይ ቢጠይቅ ይበቃል። ፊቱ ሲለመድ በአትክልት ይተካል፦ «ከመሬት በታች ይበቅላል?»፣ «ሳይበስል ይበላል?»