የሃያ ዓመት ዕዳና የአንድ ሺህ ብር ጭማሪ

ለቤት መሥሪያ ወይም መግዣ ከባንክ የተበደሩ ቤተሰቦች የሚያሰሙት ቅሬታ ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም፤ አምስት ዓመት ያህል አንድም ወር ሳያጓድሉ ከፍለው ቀሪ ዕዳቸውን ሲጠይቁ፣ የሚነገራቸው አኃዝ መጀመሪያ ከተበደሩት ገንዘብ እምብዛም ያልራቀ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ቅሬታ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ባለዕጣዎች ዘንድ የቆየ ሲሆን፣ ደመወዝን ዋስትና አድርጎ ወይም የተጀመረን ቤት አስይዞ መበደር በተለመደባቸው እንደ ወረታ ባሉ የክልል ከተሞችም የሚሰማ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ደግሞ፣ ከጭማሪው የምትተርፍ ጥቂት ብር ካለች ወደ ዕዳው ትግባ ወይስ ወደ ቁጠባ የሚለውን ጥያቄ ለመምህሩም ለጤና ባለሙያውም አጣዳፊ አድርጎታል።

ለቅሬታው የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ባንክ ወለዱን አስቀድሞ፣ ዋናውን ገንዘብ አስከትሎ ይሰበስባል የሚል ነው። ከዚህ ማብራሪያ ሁለት ድምዳሜዎች ይወለዳሉ፤ አንደኛው የሃያ ዓመቱ ወለድ ውሉ በተፈረመበት ዕለት ተሰልቶ ያለቀ በመሆኑ ዕዳን በጥቂት በጥቂቱ ቀድሞ መክፈል ለባንኩ እንጂ ለተበዳሪው አይጠቅምም የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ጭማሪ ክፍያ ትርጉም የሚኖረው የወለዱ ዘመን አልፎ ዋናው መከፈል ሲጀምር ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ድምዳሜ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከስሕተትም አልፎ እውነቱን ገልብጦ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ዕዳውን ለማቅለል የሚችልበትን ጊዜ እንዲያሳልፍ ያደርጋል።

በተለመደው የቤት ብድር ውል ወለድ የሚታሰበው በየወሩ ሲሆን፣ የሚታሰበውም በዚያ ወር ባልተከፈለው ቀሪ ዋና ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ለስሌት እንዲያመች አንድ ሚሊዮን ብር በ12 ከመቶ ዓመታዊ ወለድ በሃያ ዓመት ወይም በ240 ወራት የሚከፈል ብድር ቢወሰድ፣ ወርኃዊው ክፍያ 11,011 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ቀሪው ዕዳ ገና አንድ ሚሊዮን ስለሆነ የአንድ ወር ወለዱ፣ ማለትም አንድ ከመቶው፣ 10,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ከክፍያው ውስጥ ዋናውን የሚቀንሰው 1,011 ብር ብቻ ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ በአሥር ብር ያህል ስለሚያንስ የዋናው ድርሻ ወደ 1,021 ብር ከፍ ይላል፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ወለዱ ቀድሞ የተወሰደ የሚመስለው ዕዳው በመጀመሪያ ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ገና ያልደረሰ ወር ወለድ ግን አልተወሰደም። በዚህ አካሄድ ተበዳሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 660 ሺህ ብር ከፍሎ ዕዳው የሚቀንሰው በ82,500 ብር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ባንኩ የሚነግረው አኃዝ ቢያስደነግጥም ስሌቱ ትክክል ነው።

ከዚሁ ስሌት የጭማሪ ክፍያ ኃይል ይገለጣል። ተበዳሪው በመጀመሪያው ወር ከመደበኛው ክፍያ በላይ 1,021 ብር ቢጨምር፣ የዚያ ወር ወለድ በመደበኛው ክፍያ ስለተሸፈነ ጭማሪው አንድም ሳንቲም ሳይባክን ዋናውን ይቀንሳል፤ ቀሪ ዕዳውም ሁለተኛው ወር ከተከፈለ በኋላ ሊደርስበት ከነበረው መጠን ላይ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር ተበዳሪው በመክፈያ ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ዘልሏል ማለት ነው፤ የዘለለው መስመር 1,021 ብር የዋና ገንዘብና ወደ 9,990 ብር የሚጠጋ ወለድ የያዘ ስለነበር፣ የወለዱ ድርሻ ሳይፈጠር ይቀራል፣ የ240ኛውም ወር ክፍያ ከነጭራሹ ይሰረዛል። ይኸው ሰው በየወሩ አንድ ሺህ ብር እየጨመረ ከመጀመሪያው ቢቀጥል የሃያ ዓመቱ ዕዳ በአሥራ አምስት ዓመት ያልቃል፤ ለባንክ የሚከፍለውም ጠቅላላ ወለድ ወደ 485 ሺህ ብር ገደማ ያንሳል። ጭማሪው ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጀመር ግን ያው አንድ ሺህ ብር የሚያሳጥረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ የማይሞላ ጊዜ ሲሆን፣ የሚያድነውም ወለድ ከ92 ሺህ ብር አይበልጥም። በሰንጠረዡ ታችኛው ክፍል የእያንዳንዱ መስመር አብዛኛው ድርሻ ዋናው ገንዘብ ስለሆነ፣ አንድ መስመር ለመዝለል የሚያስፈልገው ብር ብዙ፣ የሚሰረዘው ወለድ ደግሞ ጥቂት ነው። እንግዲህ «ዋናው መከፈል ሲጀምር እጨምራለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ትርፉ የሳሳበትን ጊዜ መርጦ ይጠብቃል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ወለዱ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ሲታሰብ መሆኑ መታወቅ አለበት። አንዳንድ የአነስተኛ ብድር ውሎች ወለዱን በመነሻው ብድር ላይ ለዘመኑ ሁሉ አስልተው በእኩል የሚያከፋፍሉ በመሆናቸው፣ አበዳሪው ስሌቱን እንደገና ለመሥራት ካልተስማማ በቀር ቀድሞ መክፈል የሚያስቀረው ወለድ የለም። በእነዚህ ውሎች ላይ የሕዝቡ ጥርጣሬ ተገቢ ነው።

የባንክ መስኮት አሠራርም የራሱ ችግር አለው። ተበዳሪው የሚያስገባውን ጭማሪ ብር ሠራተኛው የሚቀጥለው ወር ክፍያ ቅድሚያ አድርጎ ከመዘገበው ወይም በሒሳቡ ላይ እንዲያው ካስቀመጠው፣ ዋናው ሳይነካ ወለዱ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ ጥቅሙ የሚገኘው ገንዘቡ በዕለቱ ከዋናው ላይ እንዲቀነስ ሲታዘዝ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ባንኩ ሁለት መንገዶች አሉት፤ ወርኃዊውን ክፍያ እንዳለ ትቶ ዘመኑን ማሳጠር ወይም ዘመኑን ትቶ ወርኃዊውን ክፍያ መቀነስ። ሁለተኛው ለጓዳ እፎይታ ይሰጣል፤ አምስቱን ዓመት የሚያስቀረው ግን የመጀመሪያው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍያ በቅድሚያ ለወጪና ለወለድ፣ ከዚያ ለዋናው እንደሚታሰብ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ውዝፍ ወለድ ያለበት ተበዳሪ የሚያመጣው ጭማሪ ዋናውን ከመንካቱ በፊት በውዝፉ ይበላል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ቤት ለመግዣ የተሰጠን ብድር ቀድሞ የከፈለን ሰው ከሦስተኛው ዓመት በኋላ መቅጣትን ይከለክላል። በኢትዮጵያ ግን ተበዳሪው ቀድሞ በመክፈሉ የሚጠየቀው ክፍያ መኖር አለመኖሩን የሚያገኘው ከውሉ ጽሑፍ ነው።

ከስሌቱ ወደ ሚዛኑ ሲታለፍ በኢኮኖሚ ዐዋቂዎች ዘንድ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ የዋጋ ንረት ከብድር ወለድ ከበለጠ ዕዳው ራሱ በየዓመቱ እየቀለለ ስለሚሄድ ቀድሞ መክፈል ሞኝነት ነው የሚል ነው። የተቃውሞው መነሻ እውነት ነው። በኢትዮጵያ የቁጠባ ወለድ ወለል በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ ካለ ወዲህ በዚያው ላይ የቆየ ሲሆን፣ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ይህም ማለት ቆጣቢው በየዓመቱ ሀብቱ እየተሸረሸረበት የተበዳሪው ዕዳ ይቀንስ ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 ከመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በዝቅተኛ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ እንደነበረ ሲታሰብ፣ የኢትዮጵያ የገንዘብ ሥርዓት ቆጣቢውን አስከፍሎ ተበዳሪውን፣ ከተበዳሪዎችም ሁሉ በላይ መንግሥትን፣ ሲጠቅም የኖረ መሆኑ አያከራክርም። ቤት የሠራ ተበዳሪም ከዚህ ማዕድ ፍርፋሪ ደርሶታል።

የተቃውሞው መደምደሚያ ግን አይከተልም። የዋጋ ንረት ዕዳውን የሚያቀልለው ጭማሪ ክፍያ ቢኖርም ባይኖርም ነው፤ ስለዚህ የዕዳው ወለድ ከዋጋ ንረቱ ማነሱ ብቻውን ምንም አይወስንም። የሚወስነው ጭማሪዋ አንድ ሺህ ብር ወደ ዕዳው ባትገባ የት ትገባ ነበር የሚለው ነው። ወደ ቁጠባ ሒሳብ የምትገባ ከሆነ 7 ከመቶ ታመጣለች፣ ከዚያም ላይ ግብር ይነሣል፤ ወደ ዕዳው ከገባች 12 ከመቶ ወለድ ታስቀራለች፣ ይህም ያለ ግብርና ያለ ሥጋት ነው። የዋጋ ንረቱ 14 ሆነ 30 ከመቶ፣ 12 ከ7 ይበልጣል። በተመሳሳይ ምክንያት 485 ሺህ ብር ተረፈ የሚለው አኃዝም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት በኋላ የሚተርፍ ብር ዛሬ ከሚወጣው ብር ጋር እኩል አይመዘንም፣ ትክክለኛው መለኪያም የተረፈው ድምር ሳይሆን በዓመት የሚያስቀረው 12 ከመቶ ነው።

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው የዋጋ ንረት አኃዝ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 14 ከመቶ ዝቅ ማለቱ ይህን ክርክር ያለዘበዋል ብለው የሚያስቡ አሉ። አኃዙ ለአገር አቀፍ አማካይ ሊጠቅም ይችላል፤ ቤት ለሚሠራ ቤተሰብ ግን መለኪያ ለመሆኑ ብዙ ያጠራጥራል። የሸማቾች ዋጋ መለኪያው ከግማሽ የሚበልጠውን ክብደት ለምግብ የሚሰጥ ሲሆን፣ በወረታ ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ በዚያ ቅርጫት ውስጥ ያላቸው ቦታ ኢምንት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ብረት የተሸጠበትን ዋጋ የሚያውቅ ሰው፣ ኦፊሴላዊው አኃዝ ሲነበብለት ስለ ሌላ አገር የሚወራ ይመስለዋል። ስለዚህም ያላለቀ ቤት ያለው ቤተሰብ ከቁጠባ ሒሳቡም ከዕዳውም በፊት ጣሪያውንና በሩን ቢጨርስ የሚያስቀረው የዋጋ ጭማሪ ከ12 ከመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ጭማሪ ክፍያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በወረታ ዙሪያ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ አዝመራው በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ በክረምት ደግሞ ከፍ ይላል። ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች አጠገብ መጋዘን ያለው ነጋዴ በአዝመራ ገዝቶ በክረምት በመሸጥ ከ12 ከመቶ በላይ ሊያተርፍ የሚችል በመሆኑ፣ የእርሱን ትርፍ ብር ወደ ዕዳ መክተት ላያዋጣው ይችላል፤ ከብል፣ ከጎርፍና ከመንገድ መዘጋት ጋር የሚመጣውን ኪሳራ ግን አብሮ ማስላት ይኖርበታል። የወረዳ ሠራተኛውና መምህሩ ግን ይህ አማራጭ የላቸውም። የእነርሱ ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር የሚሄደው መንግሥት ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ በየወሩ የምትታዘዝ ትንሽ ጭማሪ ወይም ዕቁብ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ከዋናው ላይ የምትቀነስ ገንዘብ ከሚያገኙት አማራጭ ሁሉ ትበልጣለች። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍልም ቢሆን ብዙ አያጣም፤ ዋናው ቁም ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው።

አንድ ገደብ አለ። ለዕዳ የተከፈለ ብር ተመልሶ አይወጣም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድና የባንክ አገልግሎት በየጊዜው ሲቋረጥ የታየ በመሆኑ፣ ለጥቂት ወራት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል በእጁ የሌለው ቤተሰብ ጭማሪ መክፈል የለበትም። ወለዱን ባንኩ ሊቀይር የሚችልበት አንቀጽ በውሉ ካለ ደግሞ ዋናውን መቀነስ ከሚመጣ ጭማሪ መጠበቂያም ይሆናል። የከተማ ቦታን በሊዝ የያዘ ቤተሰብም ይኸው ስሌት ይመለከተዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቢያንስ 10 ከመቶው በቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በየዓመቱ ሲከፈል ወለድ ይታሰብበታልና፣ የቀሪ ሊዙ ወለድ ከቤት ብድሩ ወለድ ከበለጠ ጭማሪው የሚገባው ወደ ሊዙ ነው።

ቀድሞ ለመክፈል የወሰነ ተበዳሪ ወደ ባንኩ ሲሄድ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ መሆኑን፣ ጭማሪው በገባበት ዕለት ከዋናው የሚቀነስ መሆኑን፣ ከዚያም በኋላ ዘመኑ አጥሮ የተሠራ አዲስ የመክፈያ ሰንጠረዥ የሚሰጠው መሆኑን። በቃል የተሰጠ ምላሽ ሠራተኛው ሲቀየር ዋጋ የለውም።