ይህ አበባ አፍ የሚያደርቀው እንዴት ነው?

ስሙኝማ! ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ፔሩ ውስጥ፣ ደመና ከዛፍ ዛፍ እየተጎተተ በሚያልፍበት የአንዲስ ተራሮች ጫካ አገሩ የሆነ ብሩግማንሲያ የሚባል ተክል አለ። የድንችና የቲማቲም ዘመድ ነው፤ የእኛው አስተናግር ደግሞ የቅርብ ወንድሙ። በነገራችን ላይ 7ቱም ዝርያዎቹ ከዱር ጠፍተዋል ተብለው ነው የተመዘገቡት፤ ዛሬ እዚያ የሚታየው ሰው የተከለው ወይም ከተተከለው የተረፈ ነው። አበባው ረጅም ቱቦ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ወደ ቀዩ ዝርያ የምትመጣው ወፍ፣ ጅራቷ ካልተቆጠረ፣ ምንቃሯ ከገላዋ ይረዝማል! ላባዋን በምንቃሯ ማበጠር ስለማይሆንላት በእግሯ ታክካለች። ወይ ጉድ!

ጉዱ ያለው ግን መርዙ ላይ ነው። ቅጠሉም አበባውም ዘሩም ስኮፖላሚንና አትሮፒን አለበት። የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ላብ እምቢ ይለውና ሰውነቱ ይግላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፤ ሊሞትም ይችላል። መጠኑ ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይ "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም።

ይህ ሁሉ መዓት ታዲያ ከአንድ ነገር ነው የሚመጣው! ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ነርቭ ብዙ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። የምራቅ ዕጢ ላይ ሲያርፍ ምራቅ ይመጣል፤ የላብ ዕጢ ላይ ሲያርፍ ላብ፤ ልብ ላይ ሲያርፍ ልብ ይረጋጋል። የሚያርፍበትን ቦታ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ነው በሉት። አሁን የቻርጀር ጫፍ ተሰብሮ እዚያው ቀረ እንበል። ልክክ ብሎ ገጥሟል፤ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ደህናውንም ቻርጀር አያስገባም። አትሮፒን ማለት ያ ስባሪ ነው! ምራቅን ና የሚለው የለም፣ አፍ ደረቀ። ላብን ውጣ የሚለው የለም፣ ሰውነት ጋለ። ልብን ቀስ በል የሚለው የለም፣ ልብ ሮጠ። ገባችሁ? እያንዳንዱ ምልክት ሳይደርስ የቀረ ትእዛዝ ነው!

አሁን ገልብጡት። እንደ ማላታይን ያለ ፀረ ተባይ ሲረጭ የተመረዘ ገበሬ ላይ፣ አሴቲልኮሊንን የሚያጸዳው ኢንዛይም ይታገድና ትእዛዙ ይከማቻል። ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላቡ ይጎርፋል፣ ብሌኑ ጠብቦ ነጥብ ያህላል፣ ሳንባው ፈሳሽ ይሞላል። ሐኪሙ ምን የሚወጋው ይመስላችኋል? አትሮፒን! ያንኑ! ያውም ሳንባው ደርቆ ትንፋሹ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ።